ማርክ ከመመዝገብ ስህተትን ወደ ማንበብ፦ የምዘና ሥልጠና ክፍል ውስጥ ሲገባ

የምዘና ሥልጠና ሠርቶ እንደሆነ የሚታወቀው መምህሩ ከሥልጠና ተመልሶ የመጀመሪያውን ቴስት ባረመ ማግስት ነው። ወረቀቱን አርሞ፣ ነጥቡን ማርክ ሊስት ላይ አስፍሮ ቀጣዩን ገጽ ካስተማረ ሥልጠናው ገና አልደረሰውም። «ስድስተኛውን ጥያቄ 40 ተማሪ ለምን ‹ለ› ብሎ መለሰ?» ብሎ ጠይቆ ትምህርቱን ከዚያ ከጀመረ ግን ደርሶታል። መምህራንን በትምህርት ቤትና በጉድኝት ማዕከል (አጎራባች ትምህርት ቤቶች በሚገናኙበት) ስናሠለጥን፣ ከሥልጠናም በኋላ አብረን ወረቀት ስናርም ደጋግመን ያየነው ይህን ነው። ከዚህ በታች የጻፍነው ለውጡን የሚያመጡትን ሥራዎችና የሚያሰናክሉትን ነገሮች ነው፤ በተለይ ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ለሚያስተምሩ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና በየደረጃው እንዲሠራበት ደንግጓል። መምህሩ ተማሪው የት እንደደረሰ በየጊዜው እያየ ትምህርቱን እንዲያስተካክል ነበር የታሰበው። በብዙ ክፍሎች ግን «ተከታታይ ፈተና» ሆኖ ቀረ። ቀድሞ ሚድና ፋይናል ብቻ የነበረበት ማርክ ሊስት ለክፍል ሥራ 5፣ ለቤት ሥራ 5፣ ለኩዊዝ 10፣ ለአሳይንመንት 10፣ ለቴስት 20፣ ለማጠቃለያ 50 እየተባለ ዓምዱ በዛ። ዓምዱ ሲበዛ ምዘናው የተሻሻለ ይመስላል። ከነጥቦቹ አንዱም የነገውን ትምህርት ካልቀየረ ግን የበዛው የመምህሩ ድካምና የተማሪው ጭንቀት ነው።

ድካሙን በቁጥር እንየው። 65 ተማሪ ባለበት ክፍል፣ አምስት የሥራ ጥያቄ ያለበትን ወረቀት ለአንድ ተማሪ በ3 ደቂቃ ማረም ቢቻል 195 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። ሦስት ሴክሽን የሚያስተምር ሰው ለአንድ ኩዊዝ ብቻ ወደ አሥር ሰዓት ይጠጋል። ስለዚህ ወይ እርማቱ ሁለት ሦስት ሳምንት ይዘገያል፣ ወይ ተማሪዎቹ ተለዋውጠው ያርማሉ፣ ወይ ደብተሩ ሳይነበብ በቀይ እስክሪብቶ የራይት ምልክት ይደረግበታል፤ አልፎ አልፎም ነጥቡ በግምት ይሞላል። ይህን ሁሉ ስንፍና ብሎ ማለፍ ልክ አይመስለንም። «በየቀኑ መዝኑ» የሚል ሥልጠና ጊዜውን ከየት እንደሚያመጡት አብሮ ካላሳየ ውጤቱ ይኸው ነው የሚሆነው።

ጊዜ የሚቆጥበው የመጀመሪያው ሥራ የመውጫ ጥያቄ ነው። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው መምህሩ የዕለቱን ዋና ነጥብ የሚነካ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ተማሪው በሩብ ወረቀት መልሶ ሲወጣ በር ላይ ያስረክባል። አንድ የደብተር ሉክ አራት ቦታ ስለሚቀደድ ለ65 ተማሪ 17 ሉክ ይበቃል። መምህሩ ወረቀቶቹን አያርምም፤ ሦስት ቦታ ይከምራቸዋል፦ የገባቸው፣ መንገዱን ይዘው መጨረሻው ላይ የሳቱ፣ ከመነሻው ያልገባቸው። አንዱን ወረቀት አይቶ ለመወሰን 10 ሰከንድ ቢፈጅ ሁሉም በ11 ደቂቃ ያልቃል። ሦስተኛው ክምር ከ20 ካለፈ ነገ ትምህርቱ እንደገና ይሰጣል፣ ያውም በሌላ መንገድ። ከ8 ካነሰ እነዚያን ልጆች ለይቶ በማካካሻ ሰዓት መያዝ ይቻላል። በመካከል ከሆነ የነገው ትምህርት የመጀመሪያ 10 ደቂቃ ለዚያ ይውላል። ቁጥሮቹ ከልምድ የወጡ ስለሆኑ እንደየክፍሉ መጠን ማስተካከል ይገባል።

እዚህ ላይ በብዛት የሚበላሸው ጥያቄው ነው። «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ወይም «ገብቷችኋል?» የሚል ጥያቄ ምንም አያወጣም፤ ሁሉም «አዎ ቲቸር» ነው የሚለው። ጥያቄው ልጁ ያልገባውን እንዲደብቅ ዕድል የማይሰጥ መሆን አለበት።

ወረቀት ከሌለ ጣት አለ። መምህሩ አራት አማራጭ ያለው ጥያቄ ይጽፋል፤ ተማሪው ለ«ሀ» አንድ፣ ለ«ለ» ሁለት፣ ለ«ሐ» ሦስት፣ ለ«መ» አራት ጣት አዘጋጅቶ ደረቱ ላይ ያስጠጋል፤ «አሳዩ» ሲባል ሁሉም እኩል ያሳያል። ደረት ላይ የሚሆንበት ምክንያት አለው። እጅ ወደ ላይ ከወጣ ከኋላ የተቀመጡት ከፊት ያለውን ጎበዝ ተማሪ አይተው ይገለብጣሉ። እኩል የሚሆንበትም ምክንያት አለው፤ ትንሽ እንኳ ከተዘበራረቀ ግማሹ ክፍል ሐሳቡን ይቀይራል። ከጥያቄው በኋላ ቢያንስ 30 ሰከንድ ዝምታ መስጠት ያስፈልጋል። በቃል ሲጠየቅም ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል፤ ብዙ መምህር ጠይቆ ከአንድ ሰከንድ በላይ አይጠብቅም፣ ልጁ ሲያመነታ ወይ ራሱ ይመልሳል ወይ እጁን ወዳወጣው ይሄዳል። እስከ 3 ሰከንድ መታገሥ መልሱን ያረዝመዋል፤ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆችም ይናገራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ አማራጮቹ እንዴት ይጻፉ። በሥልጠና ላይ ብዙ ሰዓት ልንሰጠው የሚገባው ይህ ሆኖ ሳለ በግማሽ ሰዓት ነው የሚታለፈው። የ5ኛ ክፍል ሒሳብ እንውሰድ። 1/3 ሲደመር 1/4 ስንት ነው? አማራጮቹ «ሀ» 2/7፣ «ለ» 7/12፣ «ሐ» 1/7፣ «መ» 2/12 ቢሆኑ እያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ ወሬ ይናገራል። 2/7 ያለው ልጅ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሯል፤ ክፍልፋይ ማለት ምን እንደሆነ ገና አልያዘም። ለእሱ ሕጉን መድገም አይረዳውም። አንድ ዳቦ ሥሎ 2/7 ከ1/3 እንደሚያንስ ማሳየት ነው የሚሻለው፤ ተደምሮበት አነሰ ማለት ነውና ልጁ ራሱ ይደነግጣል። 2/12 ያለው ግን የጋራ ታችኛውን አግኝቷል፤ የቀረው ላይኛውን አብሮ ማብዛት ብቻ ስለሆነ ሦስት የአቻ ክፍልፋይ ልምምድ ይበቃዋል። ሁለቱም «ኤክስ» ተደርጎባቸው ዜሮ ቢያገኙ መምህሩ ይህን ልዩነት አያየውም ነበር።

አንዳንዴ ትክክለኛው መልስም ያታልላል። «ከ0.6፣ ከ0.45፣ ከ0.38 እና ከ0.125 ትልቁ የቱ ነው?» ብንል መልሱ 0.6 ነው። ነገር ግን «ከነጥብ በኋላ የረዘመ ቁጥር ትንሽ ነው» የሚል የተሳሳተ ሕግ ያለው ልጅም 0.6 ይላል፤ በስህተት መንገድ ትክክል ያገኛል። 0.38ን በ0.62 ብንቀይረው ሁሉም ይለያል። 0.125 ያለው ቁጥሩን እንደ ሙሉ ቁጥር «መቶ ሃያ አምስት» ብሎ አንብቧል፤ 0.6 ያለው አጭሩን መርጧል፤ 0.62 ያለው ግን የቦታ ዋጋ ገብቶታል። አንድ ቁጥር ብቻ ነው የተቀየረው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመጻፍ የተማሪዎችን ያለፈ ስህተት መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የዘንድሮ የተሳሳቱ መልሶች የከርሞ አማራጮች ናቸው፤ አትጣሏቸው።

ጥያቄ አጻጻፍ ላይ አማርኛ የራሱ ወጥመድ አለው። የጥያቄው ግንድ «...ትባላለች» ብሎ ካለቀና ከአራቱ አማራጮች የሴት ስም አንድ ብቻ ከሆነ ልጁ ትምህርቱን ሳያውቅ ይመልሳል። «...ናቸው» ብሎ አልቆ ብዙ ቁጥር ያለው አማራጭ አንድ ብቻ ሲሆንም እንዲሁ ነው። «ሁልጊዜ» እና «በፍጹም» ያለበት ዐረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሐሰት እንደሆነ ተማሪዎች ቶሎ ይነቁበታል። ትክክለኛው አማራጭ ከሌሎቹ ረዝሞ መገኘቱም የተለመደ ነው፤ መምህሩ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ቃል ሲጨምርበት ይረዝማል። አዛምድ ከሆነ በ«ለ» ሥር ያሉት በ«ሀ» ሥር ካሉት በሁለት ወይም በሦስት ይብለጡ፤ እኩል ከሆኑ የመጨረሻው መልስ በነጻ ነው። «ያልሆነው» የሚለው ቃል ከመጣ ይሰመርበት።

ዕድልንም መርሳት የለብንም። 20 ባለ አራት አማራጭ ጥያቄ ምንም ሳያነብ የሞላ ልጅ በአማካይ 5 ያገኛል፤ 20 እውነት ወይም ሐሰት ከሆነ ደግሞ 10። ከግማሽ በላይ ያገኘ ሁሉ አልፏል የሚባልበት የእውነት ሐሰት ኩዊዝ ብዙም አይነግረንም። ሐሰት ያለውን እንዲያስተካክለው ማዘዝ ይህን ይቀንሰዋል።

የፈተና ዕቅድ ሠንጠረዥ፣ መምህራን «ቴብል ኦፍ ስፔሲፊኬሽን» የሚሉት፣ በወረቀት ደረጃ ሁሉም ያውቀዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ግን ፈተናው ከተጻፈ በኋላ ለሱፐርቫይዘር ማሳያ ነው። ከፊት ከሠሩት ሥራው ቀላል ነው። ምዕራፉ 12 ክፍለ ጊዜ ወስዶ፣ የመጀመሪያው ርዕስ 5፣ ሁለተኛው 4፣ ሦስተኛው 3 ከሆነና 20 ጥያቄ ካስፈለገ፣ 8፣ 7 እና 5 ይደርሳቸዋል። ከዚያ በእያንዳንዱ ርዕስ ውስጥ ስንቱ ማስታወስ ብቻ፣ ስንቱ መረዳት፣ ስንቱ በአዲስ ሁኔታ መጠቀም እንደሚጠይቅ ይወሰናል። ሠንጠረዥ የሌለው ፈተና የሚያጋድለው ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፦ ለመጻፍ ወደሚቀለው፣ «... ምን ይባላል?» ወደሚል የትርጉም ጥያቄ።

ፈተናው ከታረመ በኋላ የጥያቄዎቹን ጤንነት መመርመር አንድ ሰዓት አይፈጅም። የ60 ተማሪ ወረቀት ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ይደረደራል፤ ከላይ 16፣ ከታች 16 ይወሰዳል፤ ከእያንዳንዱ ወገን 27 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከላይኞቹ ስንት፣ ከታችኞቹ ስንት እንዳገኙት ይቆጠራል። ከላይ 14፣ ከታች 5 ካገኙት፣ ክብደቱ (ከሁለቱም ወገን ያገኙት ድርሻ) 19 ለ32 ሲካፈል 0.59፣ ጎበዙን ከደካማው የመለየት አቅሙ ደግሞ የሁለቱ ልዩነት 9 ለ16 ሲካፈል 0.56 ነው፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። የመለየት አቅሙ ከ0.20 በታች ከሆነ ጥያቄው ይታይ። ከላይ 6፣ ከታች 9 ያገኙት ጥያቄ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ቀድሞ የሚጠረጠረው የመልስ ቁልፉ ነው፣ ቀጥሎ ሁለት ትክክለኛ መልስ መኖሩ፣ ቀጥሎም ጎበዞቹን የሚያሳስት አሻሚ ቃል። ቁልፉ ስህተት ሆኖ ከተገኘ የሁሉም ነጥብ መስተካከል አለበት። ይህን በሠሩ ትምህርት ቤቶች ከሁለት መንፈቅ ዓመት በኋላ የተፈተሸ የጥያቄ ክምችት ይኖራል፤ የማዘጋጃ ጊዜውም ያጥራል።

የአማርኛና የእንግሊዝኛ መምህራን ትልቁ ችግር ድርሰት ነው። አንዱ 8 የሰጠውን ሌላው 5 ይሰጠዋል፤ ያው መምህር ጠዋትና ማታ ሲያርምም ይለያያል። ከ10 ነጥብ ለሐሳብ 4፣ ለአደረጃጀት 3፣ ለቋንቋ 2፣ ለሥርዓተ ነጥብና ለፊደል ግድፈት 1 ብሎ መክፈል ጅምር ነው፤ ነገር ግን 4 ምን ሲሆን፣ 2 ምን ሲሆን እንደሆነ በአንድ በአንድ መስመር ካልተጻፈ ክፍፍሉ ብቻውን አይረዳም። እርማት ከመጀመሩ በፊት ሁለት መምህራን ያንኑ አምስት ወረቀት ለየብቻ ያርሙና ያስተያዩት። ከ2 ነጥብ በላይ የተለያዩበትን ተነጋግረው መስፈርቱን ያስተካክሉ። የተማሪው ስም ያለበት ጥግ ይታጠፍ፤ ስሙን ስናይ ያለፈው ውጤቱ እጃችንን ይጎትተዋል። ብዙ ጥያቄ ካለ ወረቀት በወረቀት ከማረም የሁሉንም ጥያቄ አንድ፣ ከዚያ የሁሉንም ጥያቄ ሁለት እያሉ ማረም ፍርዱን እኩል ያደርገዋል።

አስተያየት አጻጻፍ ላይም ሥልጠናው ግልጽ መሆን አለበት። «ጎበዝ»፣ «በርቺ» የሚሉት ያስደስታሉ እንጂ ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ አይነግሩም። «ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ምክንያት ጽፈሃል፣ ምሳሌ ግን የለም፤ አንድ ጨምረህ ነገ አሳየኝ» የሚለው ይነግራል። በ1988 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ ሩት በትለር ባሳተመችው ጥናት አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ልጆች ሲሻሻሉ፣ ነጥብና አስተያየት አብሮ የተሰጣቸው አልተሻሻሉም። ክፍል ውስጥም የሚታየው ይህ ነው፤ ልጁ ወረቀቱን ሲቀበል ቁጥሩን አይቶ ከጓደኛው ጋር ይተያይና ያጥፈዋል። ስለዚህ አስተያየቱን ዛሬ፣ ነጥቡን ደግሞ ተማሪዎቹ ስህተታቸውን ካረሙ በኋላ መስጠት ይሻላል። ለ65 ልጅ በእጅ መጻፍ ስለማይቻል፣ የተደጋገሙ አምስት ስህተቶች ከ1 እስከ 5 ተቆጥረው ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፤ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ብቻ ይጻፍና ተማሪው አስተያየቱን ራሱ ይገለብጣል። ከዚያ 15 ደቂቃ ማረሚያ ጊዜ እዚያው ክፍል ውስጥ። ይህ ጊዜ ካልተሰጠ ሁሉም ድካም ከንቱ ነው፤ ቤት ወስዶ የሚያርም ልጅ እምብዛም አናይም።

አምስት ተማሪ ባለበት የቡድን ሥራ ላይ ለአምስቱም ያንኑ ነጥብ መስጠት ከሁሉ የከፋ ልማድ ይመስለናል። አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ስማቸውን ይጽፋሉ፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ያልገባቸው አራቱ ማርክ ሊስት ላይ የገባቸው ይመስላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ሥራው በቡድን ይሁን፣ ነጥቡ በግል። ቡድኑ ሲጨርስ መምህሩ ስም ከተጻፈባቸው ስንጥሮች አንዱን አውጥቶ ያንን ልጅ «አስረዳ» ይለዋል፣ ወይም ተመሳሳይ አንድ ጥያቄ ለየግል ይሰጣል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ስውር ችግር አለ። ከ10 የሚታሰብ አሳይንመንት ላይ ሁሉም 9 ወይም 10 ካገኙ፣ ተማሪን ከተማሪ የሚለየው በ1 ነጥብ ብቻ ነው። ከ20 የሚታሰበው ቴስት ላይ ከ4 እስከ 18 ካገኙ ደግሞ በ14 ይለያል። ስለዚህ የማያስተምረው አሳይንመንት የሁሉንም ውጤት ወደ ላይ ከመግፋት በቀር ሥራ የለውም። ወላጅም ተማሪም ትክክለኛውን ሁኔታ ዘግይተው ያያሉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ብዙ ቤተሰብ የደነገጠው፣ ከክፍል ክፍል ሲያልፉ የመጡበት ካርድ ሌላ ነገር ይናገር ስለነበር ነው። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ የክፍል ምዘና ግን ድርሻ አለው።

ለመጀመሪያ ክፍሎች መምህራን ከወረቀት ይልቅ ጆሮ ይበልጣል። በቀን አምስት ልጅ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ጮክ ብሎ ማስነበብ፤ 65 ልጅ በ13 የትምህርት ቀን ይዳረሳል። በትክክል የተነበቡት ቃላት ቁጥር ይመዘገባል፤ ከቁጥሩ ይበልጥ ግን የት እንደተደናቀፈ ይጻፍ። ሳድሱን እንደ ግዕዝ የሚያነብ ልጅ ፊደሉን ያውቃል፣ ቅጥያውን ግን አልለየም። «ገና» ወይም «አለ» ላይ ማጥበቅና ማላላቱን በዐረፍተ ነገሩ መሠረት የማይቀይር ልጅ ደግሞ ፊደል እየጠራ ነው እንጂ ትርጉሙን አልተከተለም። የሁለቱ ሕክምና የተለያየ ነው።

ወደ ሥልጠናው ራሱ እንመለስ። የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ ለአንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል፤ በሳምንት ከአንድ ሰዓት በላይ ማለት ነው። ችግሩ የሰዓት ማነስ አይደለም፤ ሰዓቱ ሞጁል በማንበብና ፖርትፎሊዮ በመሙላት ያልቃል። ሠርቶ ያየነው አካሄድ ይህ ነው፦ ተመሳሳይ ትምህርት የሚያስተምሩ አራት አምስት መምህራን 20 እውነተኛ የተማሪ ወረቀት ይዘው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ነጥብ ሳይሰጡ በስህተት ዓይነት ይከምሩታል። ከዚያ ዋናውን ስህተት የሚያወጣ አንድ ጥያቄ አብረው ይጽፋሉ፤ በሳምንቱ ውስጥ ሁሉም በየክፍሉ ይሞክረዋል፤ በሁለተኛው ሳምንት መልሱን ይዘው ይመጣሉ። ሦስት ቀን በተከታታይ በአዳራሽ ከሚሰጥ ገለጻ ይህ እየተመላለሰ ስምንት ጊዜ ቢደረግ ይሻላል፣ ምክንያቱም ጥያቄ መጻፍ የሚለመደው ጽፎ፣ ወድቆ፣ መልሶ በመጻፍ ነው። በኮሌጅም «ልኬትና ምዘና» የሚለውን ኮርስ የወሰዱ ዕጩ መምህራን የተገቢነትንና የአስተማማኝነትን ትርጉም በቃል ይዘው፣ የ60 ልጅ ወረቀት አንዴም ሳያርሙ ይመረቃሉ፤ ፕራክቲከም (የማስተማር ልምምድ) ላይ አንድ ሙሉ ኩዊዝ አዘጋጅተው፣ አርመው፣ የጥያቄዎቹን ትንተና እንዲያቀርቡ ማድረግ ክፍተቱን ይደፍናል።

ርዕሰ መምህሩና ሱፐርቫይዘሩ ካልተቀየሩ መምህሩ ብቻውን አይገፋውም። ክትትሉ «ስንት ኩዊዝ ሰጡ? ማርክ ሊስቱ ሞልቷል?» ከሆነ የሚሞላው ማርክ ሊስት ነው። «ከመጨረሻው ኩዊዝ በኋላ ምን ቀይረው አስተማሩ? ወረቀቱን ያሳዩኝ» ከተባለ ግን የሚታየው ይቀየራል። ከማርክ ሊስቱ ጎን «የተደጋገመ ስህተት» እና «የተወሰደ እርምጃ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች መጨመር ለዚህ በቂ ነው፤ በአንድ ምዕራፍ ሁለት መስመር ከተጻፈ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ እሱም ቅጽ መሙላት ይሆናል።

አሁን መጀመር የሚፈልግ መምህር ሁሉንም አንድ ላይ ባይሞክር ይሻለዋል። አንድ ሴክሽን፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ የመውጫ ጥያቄ። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ነጥብ አይያዝበት፤ ለተማሪዎቹም በግልጽ ይነገራቸው። ነጥብ የተያዘበት ቀን መኮራረጅ ይጀመራል፤ የተኮረጀ ሩብ ወረቀት ደግሞ መምህሩን ያልገባውን ገብቶታል ብሎ እንዲያልፍ ያደርገዋል።